«እናቴ ሞታለች» ብሎ ፈቃድ የወጣው ወንድሜ

ጥያቄ፦ «24 ዓመት የሞላው ወንድም አለኝ። የምንኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሕልመኛ ነው፤ ዛሬ ፋብሪካ ይከፍታል፣ ነገ ካናዳ ይሄዳል። በ2015 አካውንቲንግ ጨርሶ የመውጫ ፈተናውን አለፍኩ ሲለን በግ አርደን ደገስንለት። እንዳላለፈ የሰማነው ከዓመት በኋላ ከጓደኛው ነው። ከዚያ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ተቀጠረ። እዚያ ደግሞ ‹እናቴ ሞታለች› ብሎ የሳምንት ፈቃድ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ባለሱቁና ሠራተኞቹ ብር አዋጥተው ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። በሩን የከፈተችላቸው እናቴ ራሷ ናት። ልጄ አይዋረድብኝ ብላ ‹የሞተችው አክስቱ ናት፣ በስህተት ሰምታችሁ ነው› አለቻቸው። ቡና አፍልታ ሸኘቻቸው። ብሩንም ተቀበለች። እሱ ወደ ሱቁ አልተመለሰም።

ቀጥሎ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሱፐርቫይዘር ሆንኩ አለን። አምስት ወር ሙሉ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ከቤት ይወጣ ነበር። ጎረቤታችን ፒያሳ ካፌ ተቀምጦ ስታገኘው ጉዱ ወጣ። ‹አክሲዮን ልግዛልሽ› ብሎ የወሰደው የእቁቤ 60 ሺህ ብርም የለም። አሁን ኮምቦልቻ እጮኛ አለችው። ቤተሰቦቿ ዲግሪ፣ ሥራና የቤት መሥሪያ ቦታ እንዳለው ነው የሚያውቁት። ሽማግሌ ላኩልኝ እያለ ነው። እናቴ ዱዓ ታስደርጋለች፣ አክስቴ ጠበል ውሰዱት ትላለች፣ አጎቴ ከቤት ይውጣ ይላል። እኔ ሲዋሽ ዓይኑን አይቼ አውቀዋለሁ፤ ግን እያለቀሰ ሲምልልኝ ልቤ ይራራል። በሽታ ነው? መድኃኒት አለው? ለልጅቷ እንንገራት ወይስ ሲያገባ ይስተካከላል?»

መልስ፦

ከመጨረሻው ልጀምር። ሲያገባ አይስተካከልም። ሽማግሌው ይቁም፣ ዛሬውኑ። ሽማግሌ የሚሄደው የቤተሰብን ስም ይዞ ነው። አጎትሽ የሰው ቤት ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ «ልጃችን ዲግሪ አለው፣ ቦታ አለው» ካለ በኋላ ውሸቱ የወንድምሽ ብቻ አይደለም፣ የሁላችሁም ነው። ደግሞም ደሴና ኮምቦልቻ ሐረጎን ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የልጅቷ ዘመድ የእናንተን ጎረቤት አያውቅም ብላችሁ ነው?

«ዓይኑን አይቼ አውቀዋለሁ» ያልሽውን ደግመሽ አስቢበት። ፈተናውን አለማለፉን የነገረሽ ጓደኛው ነው። የእናትሽን «ሞት» የነገሯችሁ ለቅሶ ደራሾቹ ናቸው። ፓርክ አለመግባቱን ያወቀችው ጎረቤታችሁ ናት። አምስት ወር ሙሉ በየማታው ዓይኑን እያየሽ እራት አቅርበሽለታል፣ አላወቅሽም። ይህ ያንቺ ሞኝነት አይደለም። ቦንድና ዴፓውሎ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ከ24 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን ጥናቶች ሰብስበው ነበር። ሰው ዝም ብሎ አይቶና ሰምቶ ውሸትን ከእውነት የሚለየው በአማካይ 54 በመቶ ያህል ጊዜ ነው። ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙም አይሻልም። ስለዚህ ዓይን ማየቱን ተዪው። ፊቱን ማንበብሽ ይቅርና ወረቀት አንብቢ፤ የፈተና ውጤት፣ የመሥሪያ ቤት ባጅ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የባንክ ደብተር።

አሁን ደስ የማይልሽን ልንገርሽ። እዚህ ቤት ውስጥ የሚዋሸው አንድ ሰው አይደለም። እናትሽ በር ላይ ቆማ ያደረገችውን አስቢው። ልጇ እሷን ገደለ፣ እሷ ደግሞ ቆማ የምትሄደውን አክስቱን ገደለች። (ጠበል ውሰዱት የምትለው አክስት ይህችው ከሆነች የመሞቷን ወሬ ሰምታለች ወይ?) እናት ናት፣ አልፈርድባትም። የደሴ ሰው ለቅሶ ደራሽን ከበር አይመልስም፤ በዚያ ድንጋጤ ላይ ቆሞ ትክክለኛውን ቃል የሚያገኝ ብዙ የለም። ግን ወንድምሽ ከዚያ ቀን የወሰደውን ትምህርት እይው። የከበደ ውሸት ዋሸ፤ ቡና ተፈላለት፣ ብር ተዋጣ፣ ማንም ምንም አላለውም። ፈተና ወደቅሁ ብሎ ቢነግራችሁ ኖሮ ግን ምን ይገጥመው ነበር? የእናቱ ለቅሶ፣ የአጎቱ ስድብ፣ የጎረቤት ሹክሹክታ። እናንተ ቤት ውሸት ርካሽ ነው፣ እውነት ውድ ነው። የምመክርሽ ሁሉ ይህንን ዋጋ ለመገልበጥ ነው።

በሽታ ነው ወይ ብለሻል። አንቶን ዴልብሩክ የተባለ የአእምሮ ሐኪም እንዲህ ያሉ፣ ታሪክ እየፈጠሩ የሚኖሩ ሰዎችን እ.ኤ.አ. በ1891 ለይቶ ጽፎባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጽፏል። ሆኖም ዛሬ ሐኪሞች በሚጠቀሙባቸው ሁለቱ ዋና መዝገቦች፣ በአሜሪካኖቹ ዲኤስኤም 5 ሆነ በዓለም ጤና ድርጅት አይሲዲ 11፣ «ውሸታምነት» ራሱን ችሎ እንደ በሽታ አልተመዘገበም። ውሸትን የሚያቆም እንክብልም የለም። አለኝ የሚልሽ ካጋጠመሽ ገንዘብሽን ያዢ።

ይህ ማለት ግን ሐኪም አያስፈልገውም ማለት አይደለም። ውሸት ከሌላ ችግር ጋር ተያይዞ ሊመጣ ይችላል። መጀመሪያ የሚታየው፣ የሚያወራውን ራሱ ያምነዋል ወይ የሚለው ነው። ለቀናት ሳይተኛ የማይደክመው፣ ንግግሩ የሚፈጥን፣ ብር እንደ ቅጠል የሚበትን፣ «እኔ ለትልቅ ነገር ተመርጫለሁ» የሚል ሰው እየዋሸ ላይሆን ይችላል፤ እሱ ሌላ ሕመም ነው፣ መድኃኒትም አለው። ወንድምሽ እንደዚያ አይመስለኝም። ፓርክ እንደማይሠራ እያወቀ ነው ሰዓት ጠብቆ ከቤት የሚወጣው። ሲያዝም ታሪኩን ይቀይራል። ይህ ሐቁን የሚያውቅ ሰው ጠባይ ነው።

ሁለተኛው የብሩ ጉዳይ ነው። 60 ሺህ ብር ካፌ ተቀምጦ በማኪያቶ አያልቅም። ቤቲንግ ይጫወታል? ስልኩ ላይ የውርርድ መተግበሪያ አለ? ጫት ላይ ነው? ቁማር ያለበት ሰው የሚዋሸው ቁማሩን ለመሸፈን ነው፤ ቁማሩ ካልታከመ ውሸቱን ብታባርሪው ተመልሶ ይመጣል። እኔ ብሆን ከሁሉ በፊት የማጣራው ይህንን ነው። ሦስተኛው የተደበቀ ድብርት ነው። ካፌ ውስጥ አምስት ወር ብቻውን የሚቀመጥ ወጣት እንደምታስቢው እየተዝናና ላይሆን ይችላል። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ የ20 ወይም የ21 ዓመት ተማሪ ነበር። ያኔ ምን እንዳየ፣ የት እንደነበረ፣ ማን እንደሞተበት ጠይቆት የሚያውቅ አለ?

አንድ ነገር ደግሞ አልጻፍሽልኝም። ከሱቁ የወጣውን የአንድ ሳምንት ፈቃድ ለምን ፈለገው? እናቱን «ገድሎ» ያገኘውን ሳምንት ምን ሠራበት? ፈተናውን በድብቅ ሊፈተን ሄዶ ይሆን? ለልጅቷ ቤተሰብ ሊታይ? የሚያባርረው አበዳሪ ነበር? ሰው ያለ ምክንያት ይህን ያህል አይዋሽም። የፈተናው፣ የፓርኩና የእጮኛው ውሸቶች ደግሞ አንድ መልክ አላቸው። ማንንም ለመጉዳት ሳይሆን ሰው ፊት «የሆነ ሰው» ሆኖ ለመቆም የተዋሹ ናቸው። ጉዳታቸው ግን ያው ነው፤ ያንቺ እቁብ ሄዷል።

ስለ ሕልሙም ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ቤተሰብ ሁልጊዜ ሕልሙን ነው የሚወቅሰው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2009 ሲመረቅ ወንድምሽ ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበር። ስለ ፋብሪካ፣ ስለ ኤክስፖርት፣ ስለ ሥራ ዕድል እየሰማ ነው ያደገው። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ፣ በእኛ 2014 መሆኑ ነው፣ አገሪቱ ከአጎዋ፣ ማለትም አሜሪካ ከምትሰጠው ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል፣ ተሰረዘች። ያ ተስፋ በዓይኑ ፊት ሲቀንስ አይቷል። ሱፐርቫይዘር የመሆን ምኞቱ እብደት አይደለም። ችግሩ ምኞቱን «ሆኗል» ብሎ መንገሩ ነው። ሕልሙን ከገደላችሁበት የሚቀረው ሀፍረቱ ብቻ ነው፤ ሀፍረት ደግሞ ተመልሶ ያስዋሸዋል። ኤሊ ሶመር የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2002 ከልክ ያለፈ የቀን ሕልም ብሎ የገለጸው ነገርም አለ። ሰውየው በየቀኑ ሰዓታትን በሐሳብ ዓለም ያሳልፋል፤ ብዙ ጊዜ ሙዚቃ ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ወዲያ ወዲህ እየተመላለሰ። ይህም በመዝገብ የታወቀ በሽታ አይደለም። ወንድምሽ ላይ ካየሽው ግን ለባለሙያው ንገሪው።

አጎትሽ «ከቤት ይውጣ» ማለቱ ገብቶኛል፣ አልስማማም። ታልዋርና ሊ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ጥናት በአንድ የምዕራብ አፍሪካ አገር ሁለት ትምህርት ቤቶችን አነጻጽሯል። አንዱ ልጆችን የሚገርፍ ነው፣ ሌላው የማይገርፍ። የ3 እና የ4 ዓመት ሕፃናት ናቸው። የሚገረፉት የበለጠ ዋሹ፤ ውሸታቸውን አስተካክለው በመያዝም በለጡ። ወንድምሽ ሕፃን አይደለም፤ ግን ቅጣት ጎበዝ ውሸታም እንጂ እውነተኛ ሰው እንደማያወጣ ቢሮዬ የሚመጡ ቤተሰቦችም ያሳዩኛል። በሌላ በኩል ዝም ብሎ ማለፍም አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2016 ለንደን ላይ በተሠራ ሙከራ ሰዎች ለጥቅማቸው ደጋግመው ሲዋሹ አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል ለውሸቱ የሚሰጠው ምላሽ እየቀነሰ፣ ውሸቱም እያደገ ሄዷል። ሙከራው በጥቂት ገንዘብ የተደረገ ጨዋታ ነው፤ የወንድምሽን ሕይወት ሙሉ በሙሉ አይገልጽም። የእናንተን ታሪክ ግን ከፈተና ወደ እናት ሞት፣ ከዚያ ወደ ትዳር ሲያድግ አይተሽዋል።

ዱዓውም ጠበሉም ይቀጥል። እምነት ከሐኪም ጋር አይጣላም። ሁለት ነገር ብቻ አደራ። በግድ እንዳትወስዱት። መድኃኒት ከተጀመረለት ደግሞ «ጠበል ላይ ነው» ብላችሁ እንዳታስቆሙት። ማስማልን ግን ፈጽሞ አቁሙ። በቁርአን ማለ፣ በእናቱ ማለ፣ ምን ተገኘ? የመሐላ ውሸት ተለማመደ። ሲዋሽ የሚያፍርበት አንድ ነገር ቀርቶት ከነበረ እሱንም አስጣላችሁት።

እንግዲህ ምን ታደርጊያለሽ። አንቺ ብቻ ታናግሪዋለሽ፤ አጎት፣ አክስት፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት ቡና ላይ አይሆንም። ሰው የተሰበሰበበት ቦታ ለእሱ መድረክ ነው፣ ቀደዳውን ይጀምረዋል። መልሱን የምታውቂውን ጥያቄ አትጠይቂው። «ዛሬ ሥራ እንዴት ነበር?» ብለሽ ስትጠይቂው ወጥመድ ዘርግተሽ ውሸቱን አንቺው እየጋበዝሽው ነው። የምታውቂውን በቀጥታ ንገሪው። በዚህ መልክ፦ «ፈተናውን እንዳላለፍክ አውቃለሁ። ፓርክ እንደማትሠራ አውቃለሁ። የእቁቡ ብር እንደሌለ አውቃለሁ። አሁን ምንም እንድትመልስልኝ አልፈልግም። ወንድሜ ነህ፣ ከቤት አትወጣም። ግን ሽማግሌ አንልክም፣ ብር አልሰጥህም፣ ላንተ ብዬ ለማንም አልዋሽም።» ከዚያ ዝም በይ። ምናልባት እዚያው አዲስ ታሪክ ይጀምርልሻል። አትከራከሪ፣ አትሳደቢ። «ወረቀቱን ስታመጣ እናወራለን» ብለሽ ተነሺ። እውነቱን ከተናገረ ደግሞ፣ የቱንም ያህል ቢያበሳጭሽ፣ ያን ቀን ቁጣ የለም። «እንዲህ ስላልከኝ ደስ ብሎኛል» በይው፣ በቃ። በማግስቱ ስለ ብሩ ታወራላችሁ።

ስለ ልጅቷ። ሊነገራት ይገባል፣ ይህ የማያወላዳ ነው። ሕይወቷን ልትሰጠው ነው፤ የማወቅ መብት አላት። መጀመሪያ ዕድሉን ለእሱ ስጪው። ሁለት ሳምንት በቂ ነው። ራሱ ይንገራት፣ ከፈለገ አንቺ አብረሽው ሁኚ። ቀኑ ካለፈ አንቺ ትነግሪያታለሽ፤ ይህንንም አስቀድመሽ አሳውቂው፣ ከጀርባው እንዳይሆን። የምትነግሪያት ውሳኔዋን የሚመለከተውን ብቻ ነው፦ ዲግሪው ገና ነው፣ ሥራ የለም፣ ቦታ የለም፣ ዕዳ አለ። የልጅነቱን ታሪክ፣ የእናትሽን ጉዳይ፣ ያንቺን ንዴት አትጨምሪበት። ከተወችው ትተወዋለች። እዚህ ላይ «ብታገባው ታስተካክለው ነበር» የሚል ዘመድ አይጠፋም። የሰው ልጅ የወንድምሽ ማረሚያ ቤት አይደለችም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ በእጁ ጥሬ ብር አትስጡት። ትራንስፖርት፣ ምግብ፣ ሕክምና ከፈለገ ራሳችሁ ክፈሉ። 60 ሺው ይመለሳል፤ በወር 500ም ብትሆን ሥራ ካገኘ ጀምሮ ይክፈል። ከለቅሶው የተዋጣው ብርም ለባለሱቁ ይመለስ፣ የሚመልሱትም እሱና እናትሽ አብረው ሄደው ይሁን። ባለሱቁ ሊቆጣ ይችላል፣ መብቱ ነው።

የፈተናው ነገር ከሁሉ ቀላሉ ነው፤ ለዚህም ነው የሚያሳዝነኝ። የመውጫ ፈተና ማለፊያው 50 በመቶ ነው፣ የወደቀ ሰው ደግሞ ተመዝግቦ መፈተን ይችላል። አጥንቶ የሚወጣበትን ችግር ነው በዓመታት ውሸት የከበበው። ፓርክ እሄዳለሁ ብሎ በየቀኑ ሰዓት ጠብቆ ለአምስት ወር ከቤት የወጣ ልጅ ሰነፍ አይደለም። ያንን ሰዓት ቤተ መጻሕፍት ይዋልበት። እስከዚያው ዲግሪ የማይጠይቅ ሥራ ይያዝ፤ አነስተኛ ይሁን፣ ግን ሄዳችሁ የምታዩት ይሁን።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ለዓመታት የገነባው ነገር ባንድ ሳምንት ሲፈርስ የሚመጣው ሀፍረት ሰው ሊያጠፋ ይችላል። ፌስቡክ ላይ መለጠፍ፣ ቅሬ (እድር) ላይ ማውጣት፣ በጎረቤት ፊት ማዋረድ ክልክል ነው። «ብሞት ይሻላችኋል»፣ «ከእንግዲህ አልረብሻችሁም» የሚል ቃል ከሰማሽ፣ ዕቃውን ማከፋፈል ከጀመረ ወይም በሩን ዘግቶ መዋል ካበዛ «ይኼም ውሸቱ ነው» ብለሽ አትለፊው። ስለመሞት እያሰበ እንደሆነ በግልጽ ጠይቂው፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። ብቻውን አትተዉት፣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ተታልሎ መሄድ አሥር ጊዜ ይሻላል።

በመደበኛው መንገድ ግን ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል (ቀድሞ ሪፈራል ይባል የነበረው) የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይመርመር። አዲስ አበባ አማኑኤል ድረስ መሄድ ለዚህ አያስፈልግም። ውሸቶቹን በየዓመታቸው፣ የብሩን መጠን፣ የእንቅልፉን ሁኔታ በአንድ ገጽ ጽፈሽ ያዢ፤ ባለሙያው እሱ የሚነግረውን ብቻ ከሰማ ምናልባት ሱፐርቫይዘሩን ነው የሚያክመው። ሌላ ሕመም ካልተገኘበት ሕክምናው ንግግር ነው፤ ከውሸቱ በፊት ምን ይሰማዋል፣ ምንን ፈርቶ ነው፣ በምትኩ ምን ሊል ይችላል። ወራት ይወስዳል። እኔ እሱን አላየሁትም፣ የሰማሁትም ያንቺን ወገን ብቻ ነው። ስለዚህ ይድናል ብዬ ቃል አልገባልሽም። ይዋሻል፣ ደግሞም ይዋሻል። መሻሻሉን የምታውቂው ዋሽቶ ሲያበቃ በዚያው ቀን «ቅድም ያልኩሽ ልክ አይደለም» ማለት ሲጀምር ነው።

አልሄድም ካለ አትጎትቱት፤ 24 ዓመቱ ነው። ያኔ አንቺ ራስሽ ሂጂ። ብር የማትሰጪበትን፣ ለእናትሽ የምታስረጂበትን፣ እያለቀሰ ሲምል የምትቆሚበትን መንገድ ባለሙያ ሊያለማምድሽ ይችላል። ታማሚው እኔ አይደለሁም ብለሽ ከበር አትመለሺ። ካርዱን በራስሽ ስም አውጪ።